የሰው ስም መከራየት ወይስ በራስ ስም መክፈት? በደሴና በኮምቦልቻ የሳንዱች ቤት ላሰበ ሰው

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ 22 ገጽ ውል ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። በጥቂት የክልሉ ከተሞች ቅርንጫፍ ያለው አንድ የሳንዱች ቤት ስሙን፣ የምግብ ዝርዝሩንና የወጥ ቤት አሠራሩን ሊሰጠው ተስማምቷል። እርሱ ደግሞ የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ከየወሩ ሽያጭ እየቆረጠ ያስገባል። ፍራንቻይዝ የሚባለው ይህ ነው። ገንዘቡ እህቱ ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ነውና መሞከሪያ የሚሆን ገንዘብ አይደለም። ሌላው አማራጭ በዚያው ብር በራሱ ስም መክፈት ነው። እኔ የምተዳደረው የትንንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ በመያዝ ስለሆነ ሁለቱን መንገዶች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ከዚያ ወረቀት ለሌላውም የሚበጀውን እነሆ።

ፍራንቻይዝ ገዛሁ የሚል ሰው የገዛው ነገር የለም፤ የተከራየ ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ስሙ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ተከራዩ እጅ የሚቀረው ምድጃና ማቀዝቀዣ ነው። ኪራዩ የሚሰላው ደግሞ ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ ነው። በዓለም ከታወቁት የሳንዱች ቤቶች አንዱ የሆነውን ሰብዌይን እንውሰድ። በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ተከፍቶ ከ1974 ጀምሮ ስሙን ሲያከራይ የኖረ ድርጅት ነው። እዚያው አገሩ የሚታወቀው ክፍያው ከሽያጭ 8 በመቶ ለስሙ፣ 4.5 በመቶ ለማስታወቂያ ነው። የአክስቴ ልጅ ውል ላይ ያለውም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

12.5 በመቶ ሲሉት ትንሽ ይመስላል። በቀን 10,000 ብር ተሸጠ እንበል። ከዚህ ውስጥ 5,500 ብር ለዳቦ፣ ለሥጋ፣ ለዘይትና ለአትክልት፣ 3,000 ብር ደግሞ ለኪራይ፣ ለደመወዝና ለመብራት ወጣ። በራሱ ስም የከፈተው ሰው 1,500 ብር ይዞ ቤቱ ይገባል። ስም የተከራየው ግን ከዚያው ላይ 1,250 ብር ያስረክባል፤ ለእርሱ የሚተርፈው 250 ብር ነው። እንደ ባልንጀራው 1,500 ብር ይዞ ለመግባት የቀን ሽያጩን ወደ 13,850 ብር ገደማ ማድረስ አለበት። አንዱ ሳንዱች 200 ብር ቢሆን፣ 50 ይሸጥ የነበረው 70 ገደማ መሸጥ አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ በሩ ላይ የተጻፈውን ስም አይቶ፣ ስሙ ባይኖር ግን የማይገባ 20 ሰው በየቀኑ አለ ወይ?

እዚሁ ላይ ከውሉ ውስጥ አንዲት ሐረግ ልጠቁም። «ጠቅላላ ሽያጭ» የሚለው ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ታክሱ 15 በመቶ ነው፤ ለ10,000 ብር ሽያጭ ከደንበኛው የሚሰበሰበው 11,500 ብር ይሆናል። 8 በመቶው ከዚህ ከተሰላ 920 ብር፣ ከታክስ በፊት ካለው ከተሰላ 800 ብር ነው። የመንግሥት በሆነ ገንዘብ ላይ በቀን 120 ብር፣ በወር 3,600 ብር የስም ኪራይ መክፈል ይመጣል። ሐረጓ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነበረች።

አሁን ወደ ሥጋው። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ሆኖ ሳለ 22ቱም ገጾች ስለ እርሱ ዝም ብለዋል። ወሎ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ ይኖራል፤ ለሠርግም ለለቅሶም ይጠራራል። ድግስ ሲሆን ግን ለየብቻ ይታረዳል፤ ድስቱም ይለያል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሻይ ቤት ያላቸው አንዲት ደንበኛዬ ዘንድ ሒሳብ ስሠራ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገቡ።

«እማማ፣ ሥጋው የማን ነው?» አለ አንደኛው።

«የክርስቲያን ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያውስ ለእኔ እንቁላል በዳቦ።»

ጓደኛው ሳቀና «ዛሬ ረቡዕ አይደል? ለእኔ ድንች በዳቦ፣ ሚጥሚጣ በዛ ያለበት» አለ።

ሥጋው ለአንዱ በእርዱ፣ ለሌላው በቀኑ ምክንያት ከማቀዝቀዣው ሳይወጣ ዋለ። በራሷ ስም የምትሠራ ሴት እንቁላሉንም ድንቹንም በአንድ ቃል ታቀርባለች። ስም የተከራየ ሰው ግን የምግብ ዝርዝሩን ለመለወጥ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሚታወቅበትም ዋናው ሳንዱች የሥጋ ነው። የሙስሊም እርድ ቢያደርገው የክርስቲያኑን፣ የክርስቲያን ቢያደርገው የሙስሊሙን ጠረጴዛ ያጣል። ሁለቱንም በአንድ መጥበሻ ልሥራ ካለ ሁለቱንም ያጣል። ቱና፣ እንቁላል፣ አቮካዶና ድንች የሌሉበት የሳንዱች ዝርዝር ይዞ ወደ ደሴ መምጣት ግማሹን ከተማ በር ላይ ትቶ መግባት ነው።

ጾሙንም አብራችሁ ቁጠሩት። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አሉ፤ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረመዳን በጨረቃው 29 ወይም 30። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ፤ በ2018 ደግሞ በሁለት ቀን ልዩነት። በእንዲህ ያለ ወር የሳንዱች ቤት ንግድ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዋናውም ከመግሪብ በኋላ። ስለዚህ በየወሩ «ዝቅተኛ ክፍያ» የሚያስገድድ ውል ካጋጠማችሁ ወሩ የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ ሸጣችሁም አልሸጣችሁም ይቆጥራል።

ከተማው የቱ ይሁን? በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ገበያቸው ግን ለየቅል ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። አመሻሹ ይበርዳል፤ ትኩስ ነገር ይፈለጋል። ተማሪ፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ አስታማሚና ገበያተኛ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ በእግሩ ይመላለሳል። ነገር ግን የደሴ ሰው የሚበላው ቤቱን አይቶ ሳይሆን ባለቤቱን አይቶ ነው። «የእገሌ ቤት» ይባላል እንጂ ታፔላው ላይ የተጻፈው አይጠራም። ስለዚህ የሌላ ከተማ ስም እዚህ 20 ተጨማሪ ሰው ያመጣል ብዬ አላምንም።

ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ናት፤ ከደሴ በ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና አውሮፕላን ማረፊያው ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ያመላልሳሉ። በባቲ አድርጎ አፋር ወዳለችው ሚሌ የሚወርደውም መኪና በዚያው ያልፋል። ለመንገደኛ የሚያውቀው ስም ዋስትና ነው፤ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር የበላበትን ታፔላ ሲያይ ይቆማል። ፍራንቻይዝ ካማረኝ የምሞክረው እዚያ ነው። አንድ ስሕተት ግን ተጠንቀቁ፦ የፓርኩን ሠራተኞች ሁሉ ደንበኛ ብላችሁ አትቁጠሩ። ከደመወዟ ቆጥባ ለቤተሰቧ የምትልክ ልጅ 200 ብር ሳንዱች ላይ አታወጣም። ደንበኛችሁ መሐንዲሱ፣ ተቆጣጣሪውና ለሥራ ጉዳይ የመጣው እንግዳ ነው። ሙቀቱም ማዮኔዝን አይምርም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚነሣ ጄኔሬተር ከመጀመሪያው ወጪ ጋር ይግባ።

ዕቃ የሚመጣበትንም ጠይቁ። የአክስቴ ልጅ ውል ሶሱን፣ ቅመሙንና ዳቦውን ሳይቀር ከዋናው ቤት እንዲገዛ ያዝዝ ነበር። ቅመሙ ይሁን፤ ዳቦ ግን ከደሴ ዳቦ ቤት በሌሊት ትኩሱን መረከብ እየተቻለ በመኪና ተጭኖ የሚመጣበት ምክንያት አልታየኝም። መንገድ ሲዘጋም ሱቁ አብሮ ይዘጋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለቱም ከተሞች በጦርነቱ ሲያዙ የተዘረፈውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት በተዘጋበት ወቅት ክፍያው እንደሚቆም በግልጽ ያልጻፈ ውል አይፈረምም።

ስሙ በእርግጥ የእነርሱ መሆኑን ማጣራት ቀላል ነው። የንግድ ምልክት የምዝገባ ወረቀት ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያገኙ ከሆነ ያሳዩ። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ምዝገባው የሚጸናው ለ7 ዓመት ነው፤ ይታደሳል። የ10 ዓመት ውል ይዞ የመጣ ሰው ወረቀት ላይ የቀረው ሁለት ዓመት ብቻ ከሆነ የማደሱ ግዴታ የእርሱ መሆኑ ይጻፍ።

አሜሪካ ውስጥ ፍራንቻይዝ ሻጭ ከፊርማው ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ ዝርዝር ሰነድ ለገዢው የመስጠት ግዴታ አለበት፤ የተዘጉት ቅርንጫፎች ሳይቀሩ እዚያ ውስጥ ይገኛሉ። እዚህ ግን ጠይቆ ማግኘት የገዢው ፋንታ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አገኘ። ሥራ ላይ ካሉት ቅርንጫፎች ወደ አንዱ ሄዶ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ይዞ ተቀመጠ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የሚገባውን ሰው ቆጠረ። ቅዳሜ 41፣ ረቡዕ 17። ሻጮቹ ያሳዩት የሽያጭ ወረቀት የቅዳሜዎች ብቻ ነበር።

ውሉን ሦስት ቦታ በእርሳስ አስምሮ መለሰላቸው፦ ታክሱ፣ ዳቦውና የጾም ዝርዝሩ። ስለ ዳቦው እሺ ብለዋል። ስለ ሁለቱ መልስ እየጠበቀ ሳለ ሰኞ ገበያ አካባቢ ኪራዩ የማይከብድ ጠባብ ቤት አይቶ ቀብድ ከፍሏል፤ ታፔላው ላይ ምን እንደሚጽፍ ግን ገና አልወሰነም።