«ማዘር!»፦ ወርቁ ቀድሞ የሚታይ ቅኔ

«ማዘር!»ን ያዩ ሰዎች ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዘው ከተቀመጡ ክርክሩ የሚጀምረው ከፊልሙ መጨረሻ ሳይሆን በሩ ከተንኳኳበት ደቂቃ ነው። አንድ የማይታወቅ ሰውዬ በምሽት ያንኳኳል፣ ባል «ይደር» ይላል፣ ሚስት ፊቷ ይቀየራል። ጎንደር ላይ የመሸበት እንግዳ የእግዜር እንግዳ ነውና አንዱ ወገን ወዲያው «ፊት ነሳችው» ብሎ ከባልየው ጎን ይሰለፋል። ሌላው ወገን፣ በተለይ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ የሚገባው፣ አልጋውን ማን እንደሚያነጥፍና በማግስቱ ማን እንደሚያጥብ ያውቃል። ፊልሙ የሚያወራው ከዚህኛው ጋር ነው። ከባልየው ጎን የተሰለፈ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ «ምን ሆና ነው?» ሲል ይቆይና ተናዶ ይነሳል።

ዳረን አሮኖፍስኪ ጽፎ ያዘጋጀው ይህ የ121 ደቂቃ የሥነ ልቦና ትሪለር በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣ። ባለግጥሙ ባል ሃቪየር ባርዴም፣ ሚስቱ ጄኒፈር ሎውረንስ፣ እንግዶቹ ኤድ ሃሪስና ሚሼል ፋይፈር ናቸው፤ ለአንዳቸውም ስም አልተሰጣቸውም። ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ ጭብጨባውም የተቃውሞ ጩኸቱም አብሮ ተሰማ። አሜሪካ ሲከፈት ደግሞ የተመልካች አስተያየት የሚሰበስበው ሲኒማስኮር «ኤፍ» ሰጠው። ይህን «ኤፍ» ብዙ ሰው የሃያስያን ፍርድ ያስመስለዋል፤ አይደለም። በመክፈቻው ምሽት ትኬት ቆርጠው የገቡ ተራ ተመልካቾች ሲወጡ ካርድ ላይ የሚሞሉት፣ ከ«ኤ ፕላስ» እስከ «ኤፍ» የሚደርስ ነጥብ ነው። በዋናነት የሚያሳየው ሰው የጠበቀውን ማግኘት አለማግኘቱን ነው። ማስታወቂያው ፊልሙን እንደ አስፈሪ ቤት ታሪክ ሸጦት ስለነበር መንፈስ ሊያይ የገባው ሰው ምሳሌ ቀርቦለት ወጣ። ታዋቂው የፊልም አዘጋጅ ማርቲን ስኮርሴዜ በጽሑፍ ቢከላከልለትም ገበያው አልተነሳም፤ 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በመላው ዓለም 44 ሚሊዮን ገደማ አስገባ፣ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ሲያነሱ ከዚያ የሚተርፈው ብዙ አይደለም።

ስለዚህ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭንልዎት ልጅ ይህንን «ሆረር» ከሚለው ፎልደር ካወጣልዎት አይመኑት። ጭራቅም፣ ድንገት ከጨለማ የሚዘል ነገርም ፈልገው ከሆነ ሌላ ይጫኑ።

የሚረብሸው ነገር የተሠራው በካሜራና በድምፅ ነው። ካሜራው ከሦስት ቦታ አይወጣም ማለት ይቻላል፦ ፊቷ ላይ ይጠጋል፣ ከትከሻዋ ኋላ ይከተላል፣ ወይም እሷ የምታየውን ያሳያል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከተቀመጡ በኋላ እንኳ ክፍሎቹ እንዴት እንደተያያዙ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ሰፊ ምስል አያገኙም። እንግዳ ከየት እንደገባ፣ ስንት ሰው እንዳለ እሷ ስታውቅ ብቻ ነው የምናውቀው። ጭንቀቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የተመልካቹ ዓይን መሸሻ የለውም። ማጀቢያ ሙዚቃም የለም። ዮሃን ዮሃንሰን ሙዚቃ ሠርቶለት ነበር፤ ከአዘጋጁ ጋር ተማክረው ከፊልሙ ውስጥ እንዲቀር አደረጉ። በቦታው የወለል ጣውላ ሲንቋቋ፣ ቧንቧ ሲያጉረመርም፣ ከኋላዋ ሰው ሲያንሾካሹክ ይሰማል። ሙዚቃ «አሁን ፍሩ» ብሎ ቢነግረን ኖሮ በመሃሉ እናርፍ ነበር።

ጥሩ ኮፒ ካልተገኘ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ እዚህ አገር ፊልሙን ከጠሉት ግማሹ የጠሉት ኮፒውን ይመስለኛል። ፊልሙ የተቀረጸው በ16 ሚሊ ሜትር ጥሬ ፊልም ነው፤ ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰው ብናኝ ሆን ተብሎ የተተወ እንጂ ጉድለት አይደለም። 121 ደቂቃ በ700 ሜጋባይት ሲጨመቅ ለአንድ ሴኮንድ የሚደርሰው ከ0.8 ሜጋቢት በታች ነው። ያ መጠን ብናኙን መሸከም ስለማይችል ጨለም ያለው ግድግዳ ሁሉ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሆናል። ከ2 ጊጋ ያላነሰ ፋይል ይጠይቁ። ከ4 ጊጋ ካለፈ ደግሞ «ፋት 32» ፎርማት የሆነ ፍላሽ አይቀበለውም፤ ፍላሹን «ኤክስፋት» ያድርጉት፣ ግን ቴሌቪዥንዎ እሱን ማንበቡን ቀድመው ይሞክሩ። ቴሌቪዥኑ ላይ «ኖይዝ ሪዳክሽን» እና እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ ያጥፉ፤ ካልጠፉ የሎውረንስ ፊት ቅባት የተቀባ ፕላስቲክ ይመስላል።

ድምፁ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ከኋላዋ የሚመጡት ድምፆች የተቀመጡት በኋለኞቹ ስፒከሮች መስመር ላይ ነው። ባለ5.1 (የኋላ ስፒከር መስመርም ያለው) ድምፅ በሁለት ስፒከር ሲጫወት አንዳንዱ ማጫወቻ የኋላውን መስመር ጭራሽ ይጥለዋል፣ አንዳንዱ ንግግሩን ያሳንሰዋል። የድምፅ ትራክ ዝርዝሩ ውስጥ «ስቴሪዮ» የሚል ካለ እሱን ይምረጡ፣ ከዚያ ሄድፎን ያድርጉ። ትርጉም የሚባለውን፣ አንድ ሰው በአማርኛ እየተረከ የሚያልፈውን ቅጂ ግን አይንኩት። ሙዚቃ በሌለው ፊልም ላይ ዝምታው ራሱ ሥራ አለው፤ ተራኪው ዝምታ ባገኘ ቁጥር ማብራሪያ ይሞላበታል። እንግሊዝኛው አጫጭርና የዕለት ተዕለት ንግግር ስለሆነ ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጋር ማየቱ አያስቸግርም።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ። እንግዳው ሌሊት ሲያስታውክ ጎኑ ላይ ቁስል ይታያል፤ በማግስቱ ሚስቱ ትመጣለች። አትንኩ የተባለውን ነገር ነክተው ይሰብራሉ። ከዚያ ሁለት ወንድ ልጆቻቸው እየተጣሉ ይገባሉ። የቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። አሜሪካ ውስጥ አዘጋጁና ተዋናይቷ ባልየው ፈጣሪ፣ ሚስትየው ምድር መሆኗን በየቃለ መጠይቁ ማስረዳት ነበረባቸው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ ታሪክን በሥዕል እያነበበ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጎንደሬው ግን በዚህ ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም፤ ወርቁን ፊልሙ ሳይጋመስ ስለሚያገኘው የቀረው ሰዓት ማረጋገጫ ብቻ ይሆንበታል። «ብልህ ፊልም ነው» የሚሉትና «ኦሪትን ነው የደገመልን» የሚሉት የሚለያዩት እዚህ ነው፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው።

የኔ ፍርድ በሰሙ ላይ ነው። ቅኔ ሰሙም ብቻውን መቆም አለበት፣ እና እስከ አጋማሹ ድረስ ይቆማል። የወጥ ቤቱ ሲንክ ማስረጃ ይሁን። ገና ግድግዳው ላይ በደንብ አልታሰረም፤ ሚስትየው «አትቀመጡበት» ትላለች፣ ለቅሶ የመጡ እንግዶች ይቀመጡበታል፣ እንደገና ትለምናለች፣ ጭራሽ ይዘሉበታል። ድጋፍ የሌለው ሲንክ ፊቱ ላይ ክብደት ሲያርፍ ከግድግዳው ይነቀላል፣ ሲነቀል ቧንቧውን ይዞ ይሄዳል፣ ውሃው ቤቱን ያጥለቀልቃል። ማንኛውም ቧንቧ ሠራተኛ የሚያምነው አደጋ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የኖኅ ዘመን አለ። እንዲህ ያለውን የሚጽፍ ብዙ ሰው የለም።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ሰሙ ይቀልጣል። ግጥሙ ታትሞ አድናቂ ቤቱን ሲያጥለቀልቅ፣ ፖሊስ፣ ወታደር፣ እስረኛ፣ ጦርነት በደቂቃዎች ውስጥ አንድ ሳሎን ውስጥ ይታጨቃል። አሠራሩ አስደናቂ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ሚስትየው ከዚያ ወዲያ ሰው መሆኗ ቀርቶ ምልክት ትሆናለች። ለምን ከበሩ ወጥታ አትሄድም ለሚለው ጥያቄ ወርቁ መልስ አለው፤ ሰሙ ግን የለውም። ለመጀመሪያው ሰዓት ከ10 ዘጠኝ፣ ለሁለተኛው አምስት እሰጣለሁ።

አዲስ የተወለደው ሕፃን ላይ የሚደርሰው ትዕይንት ግን በሰምና ወርቅ የሚታለፍ አይደለም። ቅዱስ ቁርባንን የሚያስታውስ ነገር እጅግ በጭካኔ ቀርቦበታል። በዚህ የተቆጡ ምእመናንን «አልገባችሁም» ማለት ስድብ ነው፤ ገብቷቸው ነው የተቆጡት። በጾም ወቅትና ቤተሰብ በተሰበሰበበት ሳሎን የሚከፈት ፊልም አይደለም፤ ለልጆች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይሆንም።

መብራት ከሄደ ወይም በሁለት ቀን ከፋፍለው ማየት ከፈለጉ፣ እንግዶቹ ተባረው ቤቱ ጸጥ ካለና ሚስትየው በማግስቱ ማርገዟን ከተናገረች በኋላ ያቁሙ፤ ታሪኩ እዚያ ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል። ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ባለበት ቤት ከዚያ ወዲያ ያለውን ጭራሽ አይክፈቱት።