የጣት አሻራ ወይስ የፊት መለያ፦ ለቤትዎ የሚሆነው የትኛው ታብሌት ነው?

ታብሌት እንደ ስልክ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም። ቀን እናት የባንክ ሂሳቧን ታይበታለች፣ ማታ ልጆች ፊልም ይከፍቱበታል። ስለዚህ ሲገዙ «አሻራ አለው?» ብቻ ሳይሆን «የማንን መረጃ ለማን ይከፍታል?» ብለው ይጠይቁ።

ለአንድ ሰው ከሆነና አቅም ካለ አይፓድ ፕሮን እመርጣለሁ። ከ2018 ሞዴል ወዲህ ያሉት ፊትን ለይቶ የሚከፍት ፌስ አይዲ አላቸው። ከ30,000 በላይ የማይታዩ የብርሃን ነጥቦች ፊት ላይ አሳርፎ ጥልቀቱን ስለሚለካ ፎቶ በማሳየት አይታለልም፤ በጨለማም ይሠራል። እጅዎ ሊጥ ቢነካም ግድ የለውም። አፕል እንደሚለው ባዕድ ሰው በአጋጣሚ የሚከፍትበት ዕድል ከ1,000,000 አንድ ያነሰ ነው፤ ለመንትዮች፣ በጣም ለሚመሳሰሉ ወንድምና እህት እንዲሁም ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን ዕድሉ ከፍ ይላል።

አይፓድ ኤር፣ ሚኒና 10ኛው ትውልድ አይፓድ ላይኛው ማብሪያቸው ላይ አሻራ ያነባሉ። የባዕድ ሰው ጣት በአጋጣሚ የሚከፍትበት ዕድል ከ50,000 አንድ ነው፤ ለቤት በቂ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ አይፓድ ለቤተሰብ አባላት የየራሳቸውን የተጠቃሚ ገጽ አይከፍትም። የልጅዎን ጣት ከመዘገቡ ፎቶዎን፣ ኢሜይልዎን፣ በአሻራ የሚከፈት የባንክ መተግበሪያዎንም ሊከፍት ይችላል።

ለጋራ ታብሌት አንድሮይድ ይሻላል። የጉግል ፒክስል ታብሌት ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ገጽ ይሰጣል፤ እያንዳንዱም ገጹን ማብሪያው ላይ በሚያሳርፈው በራሱ ጣት ይከፍታል። የሳምሰንጉ ጋላክሲ ታብ ኤስ9 ኤፍኢም ጎኑ ላይ አሻራ አለው፤ ለልጆች ሌላ ተጠቃሚ ይከፈትበታል።

ርካሹ ጋላክሲ ታብ ኤ9 አሻራ የለውም፤ ፊት የሚለየውም በተራ ካሜራ ነው። ሳምሰንግ ራሱ ይህ ዘዴ ከፒን እንደሚያንስና እርስዎን የሚመስል ሰው ሊከፍተው እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱበት ከሆነ ፒን ይጠቀሙ። 1234 ግን አይሁን፤ የትኛውም ታብሌት ጠፍቶ ሲበራ ቀድሞ የሚጠይቀው ፒኑን ነው።

ያገለገለ አይፓድ የሚገዙ ከሆነ ብር ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ጣትዎን ይመዝግቡ። የአሻራ አንባቢው ከዋናው ቦርድ ጋር የተጣመረ ነው፤ ጠጋኝ በሌላ ከለወጠው ቁልፉ ይጫናል፣ አሻራ ግን አያነብም።