ስምንት ቀን በስቫልባርድ ዳርቻ፦ የአንዲት ትንሽ መርከብ ሒሳብ

ሙያዬ ሒሳብ ነውና በቁጥር ልጀምር። በስምንት ቀን ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ከመርከብ ወርደን መሬት እንደምንረግጥ በፕሮግራሙ ላይ ተጽፎ ነበር። የወረድነው ዘጠኝ ጊዜ ነው። ሁለቱን ድብ፣ ሁለቱን ነፋስ፣ አንዱን ጭጋግ ሰረዘብን። በዚህ ላይ የስቫልባርድን ትልቋን ደሴት፣ ስፒትስበርገንን፣ ዙሪያዋን እንዞራለን ተብለን ሄደን፣ የሂንሎፐን ሰርጥ ደቡባዊ መውጫ በተንሳፋፊ በረዶ ተዘግቶ ስላገኘነው በመጣንበት ተመለስን። ገንዘብ የመለሰልን የለም። ውሉ ላይ በደቃቅ ፊደል መንገዱን የሚወስነው በረዶውና አየሩ ነው የሚል ቃል አለ፤ የሰው ውል ቃል በቃል ስመረምር የኖርሁ ሰው የራሴን ሳላነብ ፈርሜያለሁ።

ይህን ሁሉ ቆጥሬ ሳበቃ ጉዞው ያዋጣል እላለሁ። ያዋጣበት ምክንያት ግን ለመሄድ ካነሣሣኝ ምክንያት የተለየ ነው።

የተሳፈርነው በሐምሌ አጋማሽ፣ የኖርዌይ ግዛት በሆነው በስቫልባርድ፣ ከሎንግየርብየን ከተማ ነው። ቦታው በ78 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነ ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ጨርሶ አትጠልቅም። የክፍላችን መጋረጃ ይህን የሰማ አይመስልም፤ በክቧ መስኮት ላይ ፎጣ ሰቅለን ነው የተኛነው። ክፍሉ ጠባብ፣ የመታጠቢያው ውኃ ለብ ያለ፣ ምግቡ ደህና ነው። የምሽቱ ገለጻ ግን ፈተና ነበር። አስጎብኚዎቹ ሜዳ ላይ ሲናገሩ ጆሮ የሚይዙ ሰዎች፣ አዳራሽ ሲገቡ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን መልሰው ያነባሉ። በሦስተኛው ምሽት ባለቤቴ በክርኗ ጎሰም አድርጋ «አንተ፣ ቢያንስ አታንኮራፋ» አለችኝ።

መርከቢቱ የምትይዘው 48 መንገደኛ ነው፤ የከፈልሁት ገንዘብ ዋጋ ያገኘው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2025 መግቢያ ጀምሮ በስቫልባርድ ጥብቅ ስፍራዎች ከ200 በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብ አይገባም። በእነዚሁ ስፍራዎች መንገደኛ ማውረድ የሚፈቀደውም በተወሰኑ 43 ቦታዎች ብቻ ነው። 200 ሰው አሥር አሥር እየሆነ በጎማ ጀልባ ሲመላለስ የሚፈጀውን ጊዜ ማንም ማስላት ይችላል። እኛ አምስት ጀልባ በቃን። ጥሪው በተሰማ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሁላችንም ውኃ ላይ ነበርን፤ ሌላው ወርዶ እስኪመለስ መርከብ ላይ ተራ የጠበቀ ሰው አላየሁም።

አስጎብኚዎቹ ስድስት ነበሩ፤ ሁሉም ጠመንጃና የማስፈራሪያ ተኩስ ይዘዋል። ማንም ሰው ከመውረዱ በፊት ሁለቱ ቀድመው ይሄዱና ከኮረብታው ጫፍ ላይ ዙሪያውን በመነጽር ያስሳሉ። ጭጋግ ካለ አይወረድም፤ የማይታይ ድብ አይጠበቅምና። በአራተኛው ቀን የእኛ ጀልባ ከዳርቻው ሠላሳ ሜትር ያህል ሲቀራት መሪያችን እጇን አነሣች፤ ሞተሩ ጸጥ አለ። ቀና ብዬ ሳይ ዳገቱ ላይ ቢጫማ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ አንገቱን አዞረ። ያለ አንድ ቃል ጀልባዋ ዞረች፣ የቀሩትም አራቱ ተከተሉን። ከኋላዬ የተቀመጡ ሰውዬ ይህን ያህል ገንዘብ ከፍለው ያለ ፎቶ መመለሳቸው አንገብግቧቸው ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘቤ የት እንደገባ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስድስቱ ሰዎች የሚከፈላቸው «አይሆንም» ለማለት ነው፤ ይህንንም ሳይቅለሰለሱ ይሉታል።

ስለ ድብ ካነሣሁ ዋናውን ቅሬታዬን ልናገር። የጉዞው ማስታወቂያ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የዋልታ ድብ ፊት አለ፤ የአፍንጫው እርጥበት ሳይቀር ይታያል። አሁን ባለው ደንብ ከድብ በትንሹ 300 ሜትር፣ ከየካቲት ማብቂያ እስከ ሰኔ ማብቂያ ደግሞ 500 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። በዚህ ርቀት ድብ በባዶ ዓይን የሩዝ ፍሬ ያህል ነው። በጥሩ መነጽር ሲራመድ፣ ሲያሸት፣ ሲተኛ ታያላችሁ፤ እኔም አንዷን አርባ ደቂቃ ያህል አይቻለሁ፣ አልተቆጨሁም። ደንቡም ትክክል ነው። ትክክል ያልሆነው ደንቡን እያወቀ ያን ፎቶ ገጹ ላይ የለጠፈው ሻጭ ነው።

አሁን ወደ አልከፊየለት ልምጣ። በሂንሎፐን ሰርጥ ዳር ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ መቶ ሜትር የሚያህል ከፍታ ያለው የጥቁር ድንጋይ ገደል ነው። 60,000 ያህል ጥንድ ጊልሞቶች ይራቡበታል። ጊልሞት ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም የባሕር ወፍ ነው፤ ጎጆ አይሠራም፣ እንቁላሉን በባዶው ድንጋይ ላይ ይጥላል። ወፎቹ ከመታየታቸው በፊት ተሰሙ። ከመሰማታቸውም በፊት ሸተቱ፤ ስለ ሽታው ማንም አላስጠነቀቀንም።

ባለቤቴ ከቤት ስንወጣ ጀምሮ የምታወራው ስለዚህ ገደል ነበር፤ እኔ ወፍ ወፍ ነው ብዬ ተከትያታለሁ። መሪያችን ሞተሩን አጥፍታ ጀልባዋን ከገደሉ ሥር አንሳፈፈቻት። የደረስነው ጫጩቶቹ በሚዘሉበት ሳምንት ነው። ጫጩቱ የሦስት ሳምንት ዕድሜ ገደማ ሲሆነው፣ ክንፉ ገና ሳይጠና፣ ከገደሉ ይዘላል። አባቱ ከታች ባሕሩ ላይ ሆኖ ይጠራዋል። አንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። ጡጫ የምታህል ነገር ጠርዙ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትመጣለች። ከዚያ ዘለለች። መብረር ሊባል አይችልም፤ ጉቶ የመሰሉ ክንፎቿን እያራገበች ወደቀች፣ ከጀልባችን ጥቂት ሜትር ርቃ ውኃውን ጠብ አደረገችው። ለአፍታ ጠፋች። ብቅ ስትል መጮህ ጀመረች፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት። ከዚያ ሁሉ ሺህ ወፍ ጫጫታ መካከል አንድ ትልቅ ወፍ ውኃውን እየሰነጠቀ ወደ እርሷ መጣ። ድምፅ ለድምፅ ይተዋወቃሉ። ምንቃሩን ወደ ምንቃሯ አስጠጋ፤ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ሰፊው ባሕር ዋኙ። ለሳምንታት አብረው ይዋኛሉ፤ የሚመግባት እርሱ ነው፣ እናትየው ገደሉ ዘንድ ቀርታለች።

ቀጥላ የዘለለችውን አንድ ትልቅ ነጭ አሞራ የሚያህል የባሕር ወፍ ውኃ ሳትነካ ቀለባት። ባለቤቴ መነጽሯን አላወረደችም። እኔ አወረድሁ።

ከስሜረንበርግ ብዙ አልጠበቅሁም፤ ጥቂት ስብርባሪ ነው ተብዬ ነበር። ስሙ በደች ቋንቋ የስብ ከተማ ማለት ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደቾች ያደኗቸውን ዓሣ ነባሪዎች ስብ እያቀለጡ ዘይት ያወጡበት የነበረ አሸዋማ ዳርቻ ነው። የእቶኖቹ ክብ መሠረት ዛሬም አለ፤ የፈሰሰው ስብ ከአሸዋው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል። ከመካከላችን አንዱ የዛገ ምስማር አንሥቶ ሲያገላብጥ መሪያችን መጥታ፣ በትክክል ካነሣበት ጉድጓድ እንዲመልሰው አደረገችው። በስቫልባርድ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1946 በፊት የነበረ የሰው ሥራ ሁሉ፣ ምስማርም ቢሆን፣ በሕግ የተጠበቀ ነው። ከዳርቻው ጫፍ ላይ ዋልረሶች፣ ረጅም ጥርስ ያላቸው ግዙፍ የባሕር እንስሳት፣ ተደራርበው ተኝተዋል። እነርሱም እዚህ ታድነው ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው በፈረንጆቹ 1952 መታደናቸው ተከለከለ። ዋልረስ ሲተኛ ያንኮራፋል፣ ያገሳል፣ ጎረቤቱን በጥርሱ ይወጋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ስናያቸው ከቦታው የተንቀሳቀሰ አልነበረም።

ለመሄድ ላሰባችሁ፣ የጫጩቶቹን ዝላይ የምትፈልጉ ከሆነ ከሐምሌ አጋማሽ አትራቁ። መርከቢቱ ቦቲ ጫማ ታውሳለች፤ ለእኔ የደረሰኝ ሁለት ቁጥር ይሰፋ ስለነበር በሁለት ካልሲ ነው የተራመድሁበት፣ የራሳችሁን ብትይዙ ይሻላል። መነጽር ለአንድ ሰው አንድ ያዙ፤ በአንድ መነጽር የሚካፈሉ ባልና ሚስት ድብ በታየች ጊዜ ሲነጣጠቁ አይቻለሁ። ክፍል ስትመርጡ ደግሞ ከፊተኛው ጫፍ ራቁ። የእኛ ትራስ ከመልሕቁ ሰንሰለት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነበር፤ ካፒቴኑም መልሕቅ መጣል የሚወደው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።