እናቴን ለሳንባ ምርመራ አዲስ አበባ ወስጃት ያየሁት

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በዚህኛው ጉዞዬ አገር ቤት ስገባ እናቴን ትንፋሽ እያጠራት አገኘኋት። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ ታርፋለች። አንድ እግሯም አብጧል። "ብርድ ነው፣ ይለቀኛል" አለችኝ። እሺ አላልኳትም። አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሙያው አስደስቶኛል። የሳንባ ስፔሻሊስቱ ሳይቸኩሉ አዩዋት፣ የሲቲ ክፍሉ ልጆች ቀልጣፎች ናቸው፣ ማሽኑም አሜሪካ ካየሁት የሚያንስ አልመሰለኝም። የጎደለው ለታካሚው ምን እንደሚደረግለት አስቀድሞ የሚነግር ሰው ነው። ትልቅ ሰው ፈርቶ ሲተኛ ደግሞ ትንፋሹን እንኳ በደንብ መያዝ ያቅተዋል። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትሄዱ፣ እዚያ ያልተነገረንን እዚህ ልጻፈው።

ዶክተሩ እግሯን እንዳዩ "ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም" አሉ። የፈሩት እግር ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ የሳንባን የደም ሥር ዘግቶ እንዳይሆን ነው። በዚያው ቀን ራጅ፣ የደም ምርመራና የሳንባ የደም ሥር ሲቲ ስካን አዘዙ። ከደም ምርመራው አንዱ ክሬቲኒን ነው፤ ለሲቲው የሚሰጠው ኮንትራስት (የደም ሥሩ በምስሉ ላይ ጎልቶ እንዲታይ የሚወጋ ፈሳሽ) በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ የኩላሊቷን ሁኔታ ለማወቅ ነው። አለርጂ ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው፣ ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ታካሚም፣ ሳይጠየቅ ይናገር።

ከሲቲው በፊት የስምምነት ወረቀት ፈርሙ ተባልን። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። እናቴ አማርኛ አሳምራ ታነባለች፤ የምትፈርምበትን ግን ልታነበው አልቻለችም። እኔ ባልኖርስ? ከኋላችን የነበሩት አዛውንት ዝም ብለው ነው የፈረሙት።

ክንዷ መታጠፊያ ላይ ካኑላ፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ አደረጉላት። ኮንትራስቱ በማሽን በፍጥነት ስለሚገፋ ደህና ሥር ያስፈልጋል። ከዚያ በጀርባ መተኛትና እጅን ወደ ላይ ማድረግ ነው። የሲቲ ማሽን ክብና አጭር ነው፤ እንደ ኤም አር አይ ረጅም አይደለም፣ ስለዚህ የሚያስጨንቅ አይደለም። ኮንትራስቱ ሲገባ መላ ሰውነት ይግላል፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት ይላል፣ ሽንት ያመለጠም ይመስላል። አላመለጠም። ስሜቱ ወዲያው ይጠፋል። ይህን ግን ማንም አልነገራትም። እናቴ ቀሚሷን በነጠላዋ ሸፍና፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች። "ልብሴን አበላሸሁት መሰለኝ" አለችኝ። ምንም አልነበረም። እኔ ግን ከልቤ ተናደድኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

ደግ ነገርም ልንገራችሁ። ማሽኑ "ትንፋሽ ያዙ" የሚለው በእንግሊዝኛ በተቀዳ ድምፅ ነው። ቴክኒሻኑ ያንን አጥፍቶ ራሱ በማይክሮፎን "እማማ፣ አየር ይሳቡ፣ ይያዙት" አላት። የሚያዘው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ሁለቴ መለማመድ ይጠቅማል።

እኔ ራሴ በዚሁ ጥርጣሬ አሜሪካ ስመረመር የተደረገልኝ ሌላ ዓይነት ነበር። ኮንትራስት ስለማይስማማኝ ቪ ኪው ስካን አዘዙልኝ። ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎችና ለአንዳንድ ነፍሰ ጡሮችም ይታዘዛል። ይህ ምርመራ ከሳንባ ቅርጽ ይልቅ ሥራውን ነው የሚያሳየው፦ አየሩ የት ደረሰ፣ ደሙስ የት ደረሰ። መጾም አያስፈልግም። እኔ መጀመሪያ ጥቂት ጨረር ያለው ጉም መሰል ነገር በአፌ ሳብኩ። ቀጥሎ በክንዴ ሥር መርፌ ተሰጠኝ። በመርፌው ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች ከደም ጋር ሄደው ለጊዜው ሳንባ ውስጥ ይቀመጣሉ። ካሜራው ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ሲያነሳ ሳይንቀሳቀሱ መተኛትና እንደወትሮው መተንፈስ ነው። በድምሩ ወደ አንድ ሰዓት ይወስዳል። አየር ገብቶበት ደም ያልደረሰበት ቦታ ከታየ የረጋ ደም ይጠረጠራል። ጨረሩ ለሚያሳስባችሁ፣ በብዛት የሚሠራበት ቴክኒሺየም 99 ኤም የሚባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። የምታጠባ እናት ግን ቀድማ ትናገር፤ ለተወሰነ ጊዜ ጡት እንዳትሰጥ ሊነግሯት ይችላሉ።

ወደ እናቴ ልመለስ። ሲቲው የረጋ ደም አላሳየም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እግሯም በአልትራሳውንድ ታይቶ ደህና ሆነ። ያኔ ዶክተሩ ለስፓይሮሜትሪ ቀጠሯት። ይህ እንኳ ፎቶ የለውም፤ ሳንባ ምን ያህል አየር፣ በምን ፍጥነት እንደሚያወጣ ይለካል። ከሆስፒታሉ ሁሉ ያስደነቀችኝ ይህን የምትሠራው ነርስ ናት። ቁመቷን ለካች። አዲስ የአፍ መክተቻ ከማሸጊያው አውጥታ አሳየቻት። ከዚያ በራሷ ትንፋሽ ሠርታ አሳየቻት። "እማማ፣ እስኪሞላ ይሳቡ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይልቀቁት፣ እኔ በቃ እስክል አያቁሙ።" አፍንጫዋን በመቆንጠጫ ያዘችላት። "ይግፉ፣ ይግፉ፣ አይዞዎት፣ ትንሽ ቀረ!" ድምጿ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። ቢያንስ 6 ሰከንድ ያህል መንፋት ያስፈልጋል፣ ቢያንስ ሦስት ጥሩ ሙከራም ይፈለጋል። በኋላ ሳልቡታሞል የሚባል የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ተነፋላትና 15 ደቂቃ አርፋ ደገመችው። ራስ ሊያዞር ስለሚችል ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ከሆድ ሙሉ ምግብ በኋላ መሄድ አይመከርም። የሚነፋ መድኃኒት የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ከስንት ሰዓት በፊት እንደምታቆሙ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ።

የአየር ቧንቧዎቿ ጠበዋል፤ በመድኃኒቱም ሙሉ በሙሉ አልተከፈቱም። ዶክተሩ ወረቀቱን እያዩ "በእንጨት ስንት ዓመት ጋገሩ?" አሏት። "ከልጅነቴ ጀምሮ" አለች። ሲጋራ በእጇ ይዛ የማታውቅ ሴት ሳንባዋን የጎዳው የማድቤት ጭስ ነው። ብዙዎቻችን ይህን የአየር ቧንቧ መጥበብ በሽታ የአጫሾች ብቻ አድርገን ስለምናስብ ነው በእናቶቻችን ላይ "ብርድ" እየተባለ የሚያልፈው። የሚነፋ መድኃኒትና ስፔሰር (መድኃኒቱ ላይ የሚገጠም ሰፊ ቱቦ) ታዘዘላት፤ አጠቃቀሙንም ያቺው ነርስ አስተማረቻት።

ከውጭ የኦክስጅን መለኪያ ይዛችሁ ለምትገቡ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነች የጤነኛ ሰው ቁጥርም እኛ ዘንድ ከለመድነው ዝቅ ይላል። ቁጥሩን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት እንጂ ብቻችሁን አትደንግጡ።

ክፍያ ከምርመራው በፊት ነው፤ ኮንትራስቱ ዋጋው ውስጥ መግባቱን ካሸሩ ጋ ጠይቁ። ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፣ ምስሎቹን በሲዲ ተቀበሉ። ለሆስፒታሉ አስተያየት መስጫ ላይ የጻፍኩት ይህንን ነው፦ ከሲቲ በፊት የሚሰጥ ግማሽ ገጽ ማብራሪያና የስምምነት ወረቀት፣ በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል። ማንበብ ለማይችል ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ያስረዳው። የእናቴ ክትትል እዚያው ይቀጥላል። ታናሽ እህቴ ትወስዳታለች፤ ወረቀቱ መቀየሩንም አይታ ትነግረኛለች።