«ነዳጅ ቆጣቢ» ከተባለው ቺፕ ተጠንቀቁ

በየማስታወቂያው የምታዩት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ላይ ይሰካል። «ጉልበት ይጨምራል፣ ነዳጅም ይቆጥባል» ይሉለታል። እባካችሁ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

አንድ ወዳጄ የገዛውን ሽፋኑን ፈልቅቀን አየነው። ሁለት ገመድ፣ መሃላቸው ላይ አንዲት ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የምትገታ ትንሽ ዕቃ)። በቃ። ቺፕ የሚባል ነገር የለውም።

የሬዚስተሯ ሥራ ማታለል ነው። ሴንሰሩ አየር ሲቀዘቅዝ ኦሙ (ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን) ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ብዙዎቹ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ሺህ ኦም ያሳያሉ፣ በ80 ዲግሪ ግን ወደ ጥቂት መቶዎች ይወርዳሉ። ሬዚስተሯ ስትጨመርበት ኦሙ ከፍ ስለሚል የሞተሩ ኮምፒውተር ቀዝቃዛ አየር የገባ ይመስለዋል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ይከብዳል፤ አንድ ሜትር ኩብ በ0 ዲግሪ 1.29 ኪሎ፣ በ40 ዲግሪ 1.13 ኪሎ ገደማ ነው። ኮምፒውተሩም ያልገባ ኦክስጅን ገባ ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። አያችሁ? ቆጣቢ የተባለው ዕቃ ጭራሽ ነዳጅ ያስጨምራል!

በዝግታ ስትነዱ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ትርፉን አይቶ ያስቀንሰዋል። ያኔ ምንም ለውጥ አታዩም፣ የከሰራችሁት ገንዘባችሁን ብቻ ነው። የአየሩን ክብደት በቀጥታ የሚለካ ሴንሰር ያላቸው መኪኖች ላይማ ነዳጁን እምብዛም አይነካውም። ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ስትረግጡ ግን ያ እርማት አይሠራም። የተረፈው ቤንዚን ካንዴላ ያጠቁራል፣ ሲቆይ የመኪናውን ጭስ የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያበላሻል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አየሩ ሲግል ኮምፒውተሩ ሞተሩ እንዳያንኳኳ (ቤንዚኑ ውስጡ ያለአግባብ እንዳይፈነዳ) የካንዴላውን እሳት ያዘገያል። ይህ ዕቃ ሙቀቱን ይደብቅበታል። በሞቃት ቀን፣ ጭነት ይዛችሁ ዳገት ስትወጡ፣ ጉዳቱ ፒስተን ድረስ ሊደርስ ይችላል።

«ቀዝቃዛ አየር ይቆጥባል» የሚለው ወሬ ራሱ ልክ አይደለም። በቤንዚን መኪና ቀዝቃዛ አየር የሚጠቅመው ለጉልበት ነው። በተረጋጋ ፍጥነት ሲነዳ መጠነኛ ሞቃት አየር እንዲያውም ትንሽ ይቆጥባል፤ የአየር ማስገቢያው በር ሰፋ ብሎ ስለሚከፈት ሞተሩ አየር ለመሳብ ብዙ አይታገልም።

የገጠማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ንቀሉት፣ ገንዘባችሁንም ጠይቁ። ገመድ ተቆርጦ ከሆነ በደንብ ይበየድ። የተቆረጠ ገመድ በብዙ መኪኖች ላይ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሆኖ ይነበባል፣ የቼክ ኢንጂን መብራትም ያበራል።