የኤክሴዲ መደበኛ ፍሪሲዮን በስዊፍት ስፖርት ላይ፦ ለጅማ ዳገትና ለመርካቶ ግፊያ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ፈጠን ያለች ባለ ማርሽ መኪና ያለው ሰው ያለችውን ጠግኖ ከመያዝ ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም። እኔ የምነዳት በእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከተሠሩት ባለ 1.6 ሊትር ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርቶች አንዷን ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ፣ ቅዳሜ ወደ ጅማው መርካቶ፣ አልፎ አልፎም ወደ አዲስ አበባ የምታደርሰኝ የዘወትር መኪናዬ ናት። ፍሪሲዮኗ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈውና የሚያቋርጠው ክፍል፣ ክላች) በጨረሰ ጊዜ ሦስት ዓይነት መተኪያ ቀረበልኝ፦ የሴራሚክና የብረት ቅልቅል ሸራ (የሚጨብጠው ልባስ) ያለው የውድድር ዲስክ፣ ስም የሌለው ርካሽ ዕቃ፣ እንዲሁም ኤክሴዲ የተባለው የጃፓን አምራች በፋብሪካው ልክ የሚያቀርበው መደበኛ ሙሉ ዕቃ። የመረጥኩት የመጨረሻውን ነው፤ ዛሬም ቢሆን በጅማ ለሚነዳ ሰው ሌላ አልመክርም።

ፍሪሲዮን መጨረሱን ለማረጋገጥ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው የጅሬን ዳገት ይበቃል። በሦስተኛ ማርሽ እየወጡ ነዳጅ ሲጨምሩ የሞተሩ ዙር ሽቅብ እየወጣ ፍጥነቱ ግን ባለበት ከቀረ፣ ዲስኩ ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ የብረት ክብ) መያዝ አቅቶት እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። ይህን ደጋግሞ መሞከር ግን አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ የታየው በቂ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሚደረገው ሙከራ የቀረውን ሸራ ከማቃጠልና ቮላኖውን ከመጉዳት ሌላ ጥቅም የለውም። አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት ደግሞ ዲስኩን ያንሸራተተው ከሞተሩ ወይም ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚያፈስ ዘይት አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ዘይት የነካው ሸራ ውፍረቱ ቢተርፍም አይይዝም፣ ፍሳሹ ሳይዘጋ የተገጠመው አዲስ ዲስክም ተመሳሳይ ዕጣ ይደርሰዋል።

ብዙ ሰው “መኪናዋ ስፖርት ስለሆነች ጠንካራ ፍሪሲዮን ያስፈልጋታል” ብሎ ይጀምራል። በጅማ ይህ አባባል ከሌላው አገር ይበልጥ አያስኬድም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። ፋብሪካው በ4,800 ዙር 148 ኒውተን ሜትር ብሎ የመዘገበው ቶርክ (የመጠምዘዝ ጉልበት) እዚህ ሲደርስ ወደ 120 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። መደበኛው ፍሪሲዮን ደግሞ ከመጀመሪያውም የሚሠራው ከሞተሩ ከፍተኛ ቶርክ በላይ ትርፍ አቅም ተይዞለት ስለሆነ፣ ሞተሩ እዚህ ፍሪሲዮኑን በጉልበት የሚያሸንፍበት ምክንያት የለም።

የሚያቃጥለው ሙቀት ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ ስለሚደክም አሽከርካሪው ለመነሳት ነዳጅ ያበዛል፣ ፔዳሉንም ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ ባለው ጊዜ የሚባክነው ጉልበት በሙሉ ሙቀት ሆኖ ሸራው ላይ ያርፋል። መርካቶ ላይ ባጃጅ ከፊትና ከጎን ሲገባ በግማሽ ፍሪሲዮን እየተንፏቀቁ መሄድ፣ ከግቤ በረሃ ሲወጡ በተጫነ መኪና ኋላ ተይዞ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ መካከል መዋል፣ ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን ፋንታ በፍሪሲዮን መቆም፣ እነዚህ ሁሉ ሸራ የሚበሉ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ለዚህ ከተማ የሚፈለገው ፍሪሲዮን ለስልሶ የሚይዝና አልፎ አልፎ የሚመጣን ሙቀት የሚችል እንጂ አብዝቶ የሚጨብጥ አይደለም።

የውድድሩ ዲስክ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሸራው ሙሉ ክብ መሆኑ ቀርቶ በተነጣጠሉ ጥፍጥፎች የተሠራ በመሆኑ ሙቀትን በእርግጥ ይችላል፤ አያያዙ ግን ወይ ይዟል ወይ ለቅቋል እንጂ መሃል የለውም። መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ እንደ ግትር በቅሎ ትፈናጠራለች፣ በዝግታ ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች፣ ቮላኖውም ቶሎ ይበላል። ብዙውን ጊዜ አብሮት የሚሸጠው ፕሬዠር ፕሌት (ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነው ሰሌዳ) ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ፔዳሉ ይከብዳል፤ ጫናው ወደ ማላቀቂያው ኩሽኔታና ወደ ሞተሩ ዋና ዘንግ ጭምር ይተላለፋል። ኤክሴዲ ራሱ ለስፖርት መኪኖች በሚያቀርበው ተርታ ውስጥ ስቴጅ 1 የሚባለው ለስላሳ ኦርጋኒክ (ከቃጫና ከሙጫ የተሠራ) ሸራ ያለው ሲሆን፣ ስቴጅ 2 የሚባለው ይህ የሴራሚክና የብረት ቅልቅል ነው። ሞተሩ ላይ ቱርቦ ለጨመረ ሰው ከስቴጅ 1 መጀመር ያስኬዳል፤ ምንም ላልነካካ ሰው ግን እሱም ትርፍ ወጪ ነው። ከዲስኩ ጋር ቀላል ቮላኖ እንድገዛም ተጠይቄ ነበር። ሞተሩን በፍጥነት ዙር ያስይዘዋል የተባለው እውነት ቢሆንም፣ የቮላኖ ክብደት ሲቀንስ ለመነሻ የሚረዳው የተጠራቀመ ኃይል አብሮ ስለሚቀንስ፣ በዳገታማ ከተማ ለግማሽ ፍሪሲዮን ሌላ ሰበብ መጨመር ነው የሚሆነው።

ዕቃውን ስለ ማግኘት አንድ ነገር መናገር ይገባል። የጅማ መለዋወጫ ሱቆች በአብዛኛው የሚይዙት የቶዮታን፣ የአይሱዙንና የባጃጅን ዕቃ ነው፤ የስዊፍት ስፖርት ፍሪሲዮን በትእዛዝ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ የሚመጣ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የተጠየቀው ዋጋ ሳምንት ሳይሞላው ሊቀየር ስለሚችል እዚህ ብር መጥቀሱ አንባቢን ከማሳሳት በቀር አይጠቅምም። ይልቅ የሚጠቅመው የሻንሲ ቁጥር ይዞ መጠየቅ ነው፤ “የስዊፍት ነው” ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ለስፖርቱ አይሆንምና። የሚቻል ከሆነ አሮጌውን ዲስክ አስወርዶ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ ዙሪያውን መለካት፣ የመሃሉን ጥርሶች መቁጠር ይመረጣል።

ስም የሌለውን ርካሽ ዕቃ ያልወሰድኩት እጄ ላይ ይዤ ስላየሁት ነው። ሸራውን የያዙት ሪቬቶች ጥልቀታቸው እኩል አልነበረም፤ አንዳንዶቹ ከሸራው ፊት ጋር ሊስተካከሉ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። በመሃል ያሉት ሞላዎች በአውራ ጣት ሲነኩ ቤታቸው ውስጥ ይንኳኳሉ፣ የፕሬዠር ፕሌቱ ጣቶችም ከጎን ሲታዩ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ይላል። በኤክሴዲው ላይ ሪቬቶቹ በእኩል ጥልቀት ሰምጠው፣ ጣቶቹ በአንድ መስመር ቆመው፣ የዕቃው ቁጥር በካርቶኑ ላይ ብቻ ሳይሆን በብረቱም ላይ ተመትቶ ይታያል። ዲስክ፣ ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታ በአንድ ካርቶን መምጣታቸውም አንዱን አዲስ ሌላውን አሮጌ አድርጎ ከመግጠም ያድናል።

ካምቢዮው ሲወርድ የቮላኖው ፊት ሰማያዊ የሙቀት ነጠብጣብ ጣል ጣል አድርጎበት፣ አሮጌው ሪቬት የቆፈረው ቀጭን ክብ መስመርም በግልጽ ይታይበት ነበር። ሥራውን የሠሩት አዛውንት መካኒክ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አሳልፈው “ልጄ፣ ይሄ ቶርኖ ቤት ሳይሄድ አዲሱን ብገጥምልህ፣ ከወር በኋላ ተንቀጠቀጠብኝ ብለህ ትመጣለህ” አሉኝ። “እርስዎ ካሉ ይሂድ ጋሼ” ብዬ ተላከ፤ በጥቂቱ ተፍቆ ፊቱ ተስተካክሎ ተመለሰ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ አሠራር ባለ አንድ ወጥ ቮላኖ ላላቸው መኪኖች መሆኑን ነው፤ በውስጡ ሞላ የያዘ ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ እንዲህ እንደዋዛ አይፋቅም። ዲስኩን መሃል የምታስይዘው ዘንግ መኖሯን፣ ቡሎኖቹ በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት ያሉት እየተፈራረቁ መጥበቃቸውን፣ በጥርሶቹ ላይ የሚቀባው ቅባትም እጅግ ጥቂት መሆኑን ቆሞ ማየት ነውር የለውም፤ የበዛ ቅባት ሲሞቅ ወደ ሸራው ይረጫል።

ስለ አነዳዱ፦ ፔዳሉ እንደ ቀድሞው ቀላል ነው፣ አያያዙ በፔዳሉ ጉዞ መሃል ገደማ ይጀምርና ሳይዘል ይጨርሳል። በፍጥነት ማርሽ ሲቀየር አይዘገይም፤ በጅሬን ዳገት ላይም ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ይወጣሉ። በክረምት መኪናዋ ሌሊቱን ደጅ ካደረች፣ ጠዋት በኋላ ማርሽ ስትነሳ አንድ ጊዜ ቀላል መንቀጥቀጥ ትሰጣለች። ይህ የጅማ እርጥበት በቮላኖው ላይ የሚያሳድረው ስስ ዝገት ሲሆን፣ እንደዚህኛው ኦርጋኒክ ሸራ ካላቸው ፍሪሲዮኖች ሁሉ የሚጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው መነሳት ላይ የለም።

አዲስ ሸራ እስኪለማመድ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር በዝግታ መንዳት በአምራቾችና በመካኒኮች ዘንድ የተለመደ ምክር ነው። ነገር ግን ሸራውን የሚያለማምደው የመነሳትና የማርሽ መቀየር ብዛት እንጂ ርቀቱ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ቢሆንም፣ አብዛኛው በአምስተኛ ማርሽ የሚያልፍ ስለሆነ በከተማ ውስጥ ከሚደረገው ጥቂት ሳምንት ጋር አይተካከልም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቶ መነሳትንና ከባድ ጭነትን መተው ያስፈልጋል።

ለካምቢዮ ማውረጃ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ቀላል ባለመሆኑ፣ ካምቢዮው መሬት ላይ እያለ የሞተሩን የኋላ ዘይት መያዣ ጎማ ማስለወጥ ተገቢ ነው፤ ጎማው ርካሽ ሲሆን፣ ለብቻው ለማስለወጥ ግን ያው ካምቢዮ እንደገና መውረድ አለበት።