ነዳጅ አልቀበል ላለች መኪና «ሰልባቲዮው (የነዳጅ ታንኩ) ይቀየር» ካሏችሁ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ

ይህንን የምጽፈው ደሜ ሳይበርድ ነው። ጣቴ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም በሳሙናም በላርጎም አልለቀቀም። ከየት እንደመጣ ስትሰሙ እናንተም ትናደዳላችሁ።

ኮሮላዬ ቤንዚን አልቀበል አለች። መቅጃው ገብቶ ትንሽ እንደቀዳ «ጧ!» ብሎ ይዘጋል። ቀጂው መልሶ ይጫናል፣ መልሶ ጧ። ሰልፉ አስፋልት ድረስ ወጥቷል፤ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ይዞ አይለቅም። ቀጂው ደግሞ «እህቴ፣ ይቺን መኪና አሳዪያት እንጂ!» እያለ ያጉረመርማል። ቀስ አድርጎ ሲያንጠባጥብላት ትቀበላለች፤ ግን ማን ቆሞ ያንጠባጥባል? ከዚህ ሌላ መኪናዋ ምንም የላትም። ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ዳገት ትወጣለች።

ወደ ሳሪስ ካሉት ጋራዦች አንዱ ጋ ወሰድኳት። ስሙን ብጽፈው ነገ ሌላ ታፔላ ይሰቅላሉ፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። በር ላይ ወንበር ዘርግቶ ስልኩን የሚነካካ ባለቤት፣ ቱታቸው ዘይት የጠጣ ልጆች፣ ከዚያ ደግሞ ኮፈን ሳይከፍት ምርመራ የሚጨርስ «ዋና መካኒክ»።

ዋናው መካኒክ ሞተሯን አስነሳ። ነዳጅ ረገጥ ረገጥ አደረገና አጠፋት። «ሰልባቲዮው ውስጡ ዝጓል። ፓምፑንም በልቶታል። ሁለቱም ይቀየራሉ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ከስር እንኳ አላየም።

«ነዳጅ አልገባ ማለቱ ከፓምፑ ጋር ምን አገናኘው?» አልኩት።

መልሱን ለኔ አይደለም የሰጠው። ወደ ልጆቹ ዞሮ «በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ መካኒክ መጥታልናለች!» አለ። ሳቁ። ከዚያ ወደኔ ዞረና ለሕፃን በሚያወጡት ድምፅ «የኔ እናት፣ ባለቤትሽን ላኪው፣ ለሱ አስረዳዋለሁ» አለኝ። ባለቤቴ እኮ መኪና አይነዳም! ቤታችን ጎማ የምቀይረው እኔ ነኝ።

ጥያቄዬ ደግሞ ትክክል ነበር። ፓምፑ ሰልባቲዮው ውስጥ ተቀምጦ ነዳጅ ወደ ሞተር የሚገፋ ዕቃ ነው። በመሙያው ከሚገባው ጋር ጉዳይ የለውም። ፓምፑ ቢሞት መኪናዋ አትነሳም እንጂ ነዳጅ አልጠጣም አትልም።

ብቻ ተስማማን። ለሁለቱ ዕቃና ለእጅ 34 ሺህ ብር ተባልኩ። «ከሶማሌ ተራ ልጅ ልኬ አስመጣልሻለሁ፤ የዱባይ ነው፣ ኦሪጅናል» አለኝ። በቴሌብር ላክሁ። ማምሻውን ልወስዳት ስሄድ ሰልባቲዮው ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። አሮጌውን ስጡኝ አልኩ፤ «ለቆራሌው ሸጥነው»። ደረሰኝ አልኩ፤ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሌላ ቀን ነይ»። ጋራንቲስ ስለው ደረቱን መታ አድርጎ «እኔ ነኝ ጋራንቲሽ!» አለኝ።

በቀጥታ ማደያ ሄድኩ። ጧ!

ደወልኩለት። «ማደያው ነው ችግሩ፣ ሌላ ጋ ቅጂ» አለኝ። ሌላ ጋም ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳም።

ሰፈራችን ዛፍ ጥላ ስር የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። ታፔላ የላቸውም። በክሪክ አነሷትና ካርቶን አንጥፈው ከስር ገቡ። ብዙም አልቆዩም። «ልጄ፣ ነይ እስቲ አንቺም እዪው» አሉኝ። አጠገባቸው ተኛሁ። ጣቴን ሰልባቲዮው ላይ ሳሳርፍ ተጣበቀ። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ጋሼ በካቻቢቴ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ከቀለሙ ስር የግማሽ ጨረቃ ቅርፅ ያለው ብየዳ ወጣ።

ያንን ብየዳ አውቀዋለሁ። ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ድንጋይ ዘሎ መትቶት ያስበየድኩት ነው። የነዳጁ ትነት እንዳያፈነዳው ውሃ ሞልተው ሲበይዱት ፈንጠር ብዬ ቆሜ አይቻለሁ።

የኔው ሰልባቲዮ ነው! ጋሼ በባትሪ ወደ ላይ ሲያበሩ ጭራሽ የባሰ መጣ። የላይኛው ጎኑ አቧራውም ጭቃውም እንዳለ ነው። አላወረዱትም እንኳ። ዓይን የሚደርስበትን ብቻ ከስር ቀለም ረጭተውበታል፤ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ሳይቀር ተረጭቷል። የኋላ ወንበሩን አንስተን የፓምፑን ክዳን ስናይ ደግሞ የቡሎኖቹ አናት ላይ ያለውን አፈር የነካው ሰው የለም። የራሴን ዕቃ ለራሴ፣ በ34 ሺህ ብር! ልጅ ሶማሌ ተራ ተልኮ የመጣው ምናልባት አንድ ቆርቆሮ ቀለም ይሆናል።

የመኪናዋ በሽታ ምን ነበር? ጋሼ እየሠሩ አስረዱኝ። ሰልባቲዮ ነዳጅ ሲገባበት ውስጡ ያለው አየር መውጣት አለበት። ለዚህ ነው ከወፍራሙ የመሙያ ጎማ ጎን ለጎን አንድ ቀጭን ጎማ የሚሄደው። እሱ ከተዘጋ አየሩ መውጫ ያጣል፣ ነዳጁ አንገቱ ላይ ይቆምና ወደ ላይ ይመለሳል። የማደያው መቅጃ ደግሞ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ነዳጅ ሲሸፍናት «ሞልቷል» ብሎ ራሱን ይዘጋል። ጧ የሚለው ይኼ ነው። ቀስ ብሎ ሲቀዳ የሚገባላትም አየሩ ለመውጣት ጊዜ ስለሚያገኝ ነው። ቀጂው ጋ ያየሁት ምልክት በሙሉ ወደዚህ ጎማ ነበር የሚጠቁመው። «ዋና መካኒክ» የተባለ ሰው ይህን አያውቅም ብላችሁ እንዳታምኑ።

የኔው ቀጭን ጎማ መታጠፊያው ላይ ተጨፍልቆ ተጣብቋል። ያኔ ሰልባቲዮው ለብየዳ ወርዶ ሲሰቀል ሳይታጠፍ አልቀረም፤ ጎማው ሲያረጅ ጭራሽ ተዘጋ አሉ ጋሼ። ፋሼታውን (የጎማውን ማሰሪያ) ፈቱና አውጥተው ነፉበት፤ ምንም አያሳልፍም። አዲስ ጎማ 450 ብር። ለእጃቸው የጠየቁኝን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ጨምሬ ሰጠኋቸው። ማደያ ሄድኩ፤ እስከ አፍጢሟ ጠጣች።

ተመልሼ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ብየዳውን በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ አሳየሁት። ዋናው መካኒክ ፎቶውን እንኳ በቅጡ ሳያይ «ይኼ ያንቺ መኪና ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ?» አለኝ። ባለቤቱ ደግሞ ከስልኩ ቀና ሳይል «እህቴ፣ ደንበኛ አታስበርግጊብን» አለ። ከልጆቹ አንዱ፣ ያኔ ሲስቁ ከነበሩት፣ በሩን ከፍቶ «በዚህ በኩል ነው መውጫው» ብሎ አሳየኝ። ብሩ እንኳ የዚህን ያህል አልከነከነኝም፤ ይኼ ነው ያንገበገበኝ።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሸጠ ሁሉ ደረሰኝ ይስጥ ይላል። «ማሽኑ ተበላሽቷል» የሚሉት ለዚሁ ነው። የቴሌብር ክፍያዬም የሄደው ለድርጅቱ ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም ነው። እሱንና ፎቶውን ይዤ ወደ ንግድ ቢሮ ልሄድ ነው፤ ምን እንደሚሉኝ አያለሁ።

እናንተ ደግሞ መኪናችሁ እንዲህ ካደረገቻችሁ መጀመሪያ ሌላ ማደያ ሞክሩ፣ መቅጃው ራሱ ሊሆን ይችላል። እዚያም ከዘጋ ቀጭኑን ጎማ አስፈትሹ። አዲስ ሞዴል ከሆነች የነዳጁ ትነት እሱን በሚይዝ የከሰል ሳጥን በኩል ነው የሚያልፈው፣ እሱም ይታይ። ጧ ካለ በኋላ «ጨምርልኝ» እያላችሁ አታስሞሉ፤ ነዳጅ ሲገባበት ሳጥኑ ይበላሻል። ዕቃ ይቀየር ከተባለ አሮጌው ሲፈታ እዚያው ቁሙ፣ ይዛችሁትም ሂዱ። ጎማው ሲቀየር ደግሞ ነዳጅ የሚችል መሆኑን ጠይቁ፤ የውሃ ጎማ ቆርጠው የሚያስገቡም አሉ።